«ወባዬ ተነሳብኝ»፦ አንዲት ኪኒን፣ ጉበታችንና ቀይ ደማችን

ጥቅምት ላይ ሰሊጥ ሊያጭድ ጃዊ ወርዶ ወባ የያዘው ጎልማሳ፣ ታክሞ ድኖ ሞጣ ይመለሳል። ገና አልፎ ጥምቀት ሲቃረብ፣ የወባ ትንኝ በሌለበት ደጋ፣ ጋቢውን እንደተከናነበ ብርድ ብርድ ይለዋል። ከዚያ ያንቀጠቅጠዋል። ሌሊቱን ላብ በላብ ሆኖ ያድራል። «ወባዬ ተነሳብኝ» ይላል። ቤተሰቡም ብዙ አይደነግጥም፣ ለምዶታል። ፌጦ ይወቀጥለታል፣ ነጭ ሽንኩርት ይላጥለታል። ሲብስበት ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ ኪኒን ይሰጠዋል፣ ይሻለዋል። ሚያዝያ ላይ ደግሞ እንደገና።

ሰው ይህን ሲያይ ወይ መድኃኒቱን ይጠረጥራል ወይ ሐኪሙን። «ይሄ ክሎሮኪን የሚሉት ውኃ ሆኗል» ሲባል ሰምቻለሁ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የመልሱ ግማሽ ያለው ተውሳኩ ዘንድ ነው። ሌላው ግማሽ እኛው ገላ ውስጥ ነው፤ ጉበታችንና ቀይ ደማችን ውስጥ በሚሠሩ ፕሮቲኖች ዘንድ። ስለዚህኛው ግማሽ ብዙም ሲወራ አልሰማም። መወራት ያለበት ግን እሱ ይመስለኛል። ወባው ተመልሶ እንዳይነሳ የሚያደርገው መድኃኒት አብዛኛውን ሰው ያድናል፣ ጥቂቱን ሰው ደግሞ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ይህን የሚለየው አንድ ኢንዛይም ነው።

ተኝቶ የሚቆየው ተውሳክ

እኛ አገር ወባ የሚያመጡት በዋናነት ሁለት ተውሳኮች ናቸው፤ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረምና ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ። ፋልሲፓረም ገዳዩ ነው። ቶሎ ይበረታል፣ ጭንቅላት ላይ ይወጣል። ቫይቫክስ ብዙ ጊዜ ቶሎ አይገድልም፣ ግን አይለቅም። ከሰሃራ በታች ባለው አብዛኛው አፍሪካ ቫይቫክስ እምብዛም አይታይም። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ዋና ከሚባሉት ሁለቱ አንዱ እሱ ነው። የጎጃም ቆላም እንደዚያው።

ትንኟ ስትነክስ ተውሳኩ ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም። ቀጥ ብሎ ጉበት ይገባል። እዚያ ይባዛና ወደ ደም ይወጣል፤ ትኩሳቱ የሚጀምረው ያኔ ነው። ቫይቫክስ ሲሆን ግን ሁሉም አይወጣም። ከፊሉ የጉበት ሴል ውስጥ እንደተኛ ይቀራል። ይህን የተኛ ተውሳክ ሳይንቲስቶች ሂፕኖዞይት ይሉታል። ጉበት ውስጥ ተፈልጎ በአጉሊ መነጽር የታየው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሳምንታት፣ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ተኝቶ ይነሳል። ለመነሳት አዲስ ትንኝ አያስፈልገውም።

ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያለውን ቫይቫክስ ይገድላል። ትኩሳቱ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ጉበት ውስጥ የተኛውን ግን አይነካውም። ፌጦም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የተኛውን እንደሚገድሉ የተረጋገጠ ነገር የለም። እስካሁን ለዚህ ሥራ የተፈቀዱት ሁለት መድኃኒቶች ብቻ ናቸው፤ ፕሪማኪንና ታፈኖኪን። ሁለቱም ከአንድ ዘር ናቸው። የአገራችን የሕክምና መመሪያ ለቫይቫክስ ክሎሮኪንን ለሦስት ቀን ያዛል፤ የተኛውን ለማጥፋት ደግሞ ፕሪማኪንን ለ14 ቀን። የፕሪማኪኑ መጠን በክብደት ነው የሚሰላው፤ በቀን ለአንድ ኪሎ 0.25 ሚሊ ግራም። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 15 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ነገር የሚበላሸው። ጤና ጣቢያ በር ላይ እንዲህ ያለ ወሬ ብትሰሙ አይግረማችሁ፦

«አያ፣ የ14 ቀኑን ኪኒን ጨረሱት?»

«ኧረ ትኩሳቱ ለቀቀኝ እኮ! የተረፈውን ለልጄ አስቀምጨለታለሁ።»

ሰውዬው ክፉ አላሰቡም። አጨዳው ደርሷል፣ ሰውነታቸው በርትቷል፣ ኪኒኑ ደግሞ ሆድ ይቆርጣል። ግን ሁለት ነገር አብሮ ተበላሸ። የእሳቸው ጉበት ውስጥ ያለው ተውሳክ አልሞተም። ልጃቸውም ሰውነቱ ይቻለው አይቻለው ያልታወቀ መድኃኒት ሊወስድ ነው። የሁለተኛው ነገር ክብደት የሚገባን የኢንዛይምን ነገር ካወቅን ነው።

ኢንዛይም ምንድነው?

ጎጃም ውስጥ ኢንዛይምን ለማስረዳት ጠላ የሚጠነስስ ቤት ይበቃል። ገብሱ ይነከራል፣ በቅጠል ተሸፍኖ ይበቅላል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይፈጫል። ለምን ማብቀል አስፈለገ? ገብስ ስታርች ነው። እርሾ ደግሞ ስታርችን እንዳለ መብላት አይችልም፣ ስኳር ነው የሚፈልገው። እህሉ ሲበቅል አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ያወጣል፤ እሱ ስታርቹን እየቆራረጠ ስኳር ያደርገዋል። ኢንዛይም ማለት ይኸው ነው። አንድን ነገር ወደ ሌላ ነገር ቶሎ እንዲለወጥ የሚያደርግ፣ ሥራውን ጨርሶ እንደገና የሚጀምር፣ እሱ ራሱ በሥራው የማያልቅ። እናቶቻችን አሻሮውን እየቆሉ ብቅሉን ግን ፀሐይ ላይ ብቻ የሚያደርቁት ከልምድ ነው። ብቅሉም ምጣድ ላይ ቢቆላ ኢንዛይሙ ይበላሽና ጠላው አይሆንም ነበር።

በዓለም ላይ መጀመሪያ ተለይቶ የወጣው ኢንዛይምም የተገኘው ከብቅል ነው። በ1833 አንሴልም ፓየንና ዣን ፍራንስዋ ፐርሶ የሚባሉ ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ናቸው ያወጡት። ኢንዛይም ፕሮቲን መሆኑን ለማሳየት ግን ከ90 ዓመት በላይ ፈጀ። በ1926 አሜሪካዊው ጄምስ ሰምነር ዩሬዝ የተባለ ኢንዛይም አጥርቶ ክሪስታል አደረገው፤ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። ስመ ጥር የነበሩ ኬሚስቶች አላመኑትም። የኖቤል ሽልማቱን ያገኘው በ1946 ነው።

ፕሮቲን ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች የሚቀጣጠል ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ተጣጥፎ ቅርጽ ይይዛል። ሥራውን የሚሠራው በቅርጹ ነው። ከመቶዎቹ አሚኖ አሲዶች አንዷ ብትለወጥ አንዳንዴ ምንም አይሆንም፣ አንዳንዴ ቅርጹ ይላላል፣ አንዳንዴ ፕሮቲኑ ጭራሽ አይሠራም። ይህንን ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

ምርመራውም የሚይዘው ፕሮቲን ነው

ጤና ኬላ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጣታችሁን ወግታ የምታደርገውን ፈጣን ምርመራ ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ትንሽ የፕላስቲክ ካርድ ናት። አንዷ ቀዳዳ ላይ የደም ጠብታ ታሳርፋለች፣ ቀጥላ ከጠርሙስ ፈሳሽ ታንጠባጥባለች። ደሙ በወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ይሳባል። ሩብ ሰዓት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ትጠብቃላችሁ፤ ከዚያ ሐምራዊ መስመሮች ይወጣሉ። አንዱ መስመር ምርመራው በትክክል መሥራቱን ብቻ ነው የሚናገረው። እሱ ካልወጣ ካርዱ ይጣላል።

ካርዱ ተውሳኩን ራሱን አያይም፣ ፕሮቲኖቹን ነው የሚይዘው። ፋልሲፓረምን የሚያሳየው መስመር አብዛኛውን ጊዜ ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ይይዛል። ቫይቫክስን የሚያሳየው ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ የሚባል ኢንዛይም ይይዛል፤ ተውሳኩ ከስኳር ጉልበት የሚያወጣበት ነው። እኛም ይኼው ኢንዛይም አለን። ግን የእኛና የተውሳኩ ቅርጻቸው ስለሚለያይ ካርዱ ላይ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት የተውሳኩን ብቻ ለይተው ይይዛሉ። ይገርመኛል ሁሌ፤ የዓመታት የፕሮቲን ጥናት ተጨምቆ አንዲት የገጠር ልጅ እጅ ላይ ካለች ካርድ ገባ።

ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ኤችአርፒ2ን የሚሠራው ጂን (የፕሮቲኑ አሠራር የተጻፈበት የዘር መመሪያ) የጠፋባቸው የፋልሲፓረም ዝርያዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኝተዋል። በ2021 የታተመ ጥናት በሱዳን፣ በደቡብ ሱዳንና በኤርትራ ድንበር አካባቢዎች አሳይቷቸዋል። ፕሮቲኑ ከሌለ በእሱ ላይ የተመሠረተው መስመር አይወጣም። ምርመራው «ነጻ» ብሎ ትኩሳቱ ከቀጠለ ዝም ብሎ ቤት መቀመጥ የማይገባው አንዱ ለዚህ ነው።

አንድ ነገር በአጭሩ ላንሳ፣ ስለ ደፊ ፕሮቲን። ቀይ የደም ሴል ላይ የተተከለ ፕሮቲን ነው፣ ቫይቫክስ ሴሉ ውስጥ ለመግባት በእሱ ይጠቀማል። የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች አብዛኞቹ ይህ ፕሮቲን ቀይ ደማቸው ላይ የላቸውም፤ ቫይቫክስም እዚያ ብርቅ የሆነው ለዚህ ነው። በ1970ዎቹ ይህ ሲታወቅ ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር። እኛ አገር ያለውም የሌለውም ተቀላቅሎ ይኖራል። ኋላ ላይ በማዳጋስካርም በኢትዮጵያም ፕሮቲኑ በሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥ ቫይቫክስ ተገኘ። ቁጥሩ አነስ ይላል፣ ግን አለ። በምን ሌላ በኩል እንደሚገባ ገና እየተጠና ነው።

ኪኒኑን የሚያነቃው የጉበት ኢንዛይም

አሁን ወደ ፕሪማኪን። ስትውጡት ያለው ቅርጹ ተውሳኩን ብዙም አይጎዳውም። መጀመሪያ ጉበት ሊለውጠው ይገባል። ይህን የሚያደርገው ዋናው ኢንዛይም ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል። ስሙ የፋብሪካ ቁጥር ይመስላል፣ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ኢንዛይም ነው፤ ከተለመዱት መድኃኒቶች ከአምስቱ አንዱን ገደማ የሚነካካው እሱ ነው። በ2013 የታተመ ጥናት ፕሪማኪን ወስደው ወባው ከተመለሰባቸው ሰዎች መካከል ይህ ኢንዛይማቸው ደካማ የሆነ እንዳለበት አሳየ። ኪኒኑን በሥርዓት ወስደዋል። ጉበታቸው ግን አላነቃላቸውም።

ስለዚህ ኢንዛይም ኢትዮጵያውያን በዓለም የሕክምና ጽሑፍ ደጋግመው ይጠቀሳሉ። በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ጂን ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው። በሰሜን አውሮፓ ያንን የሚይዘው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ቅጂው ሲበዛ ኢንዛይሙ ይበዛል፣ መድኃኒቱ ቶሎ ይለወጣል።

ይህ ለወባ ብቻ አይደለም። ኮዴይን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ውሰዱ። ኮዴይን ራሱ ደካማ ነው፤ ይኼው ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው የሚሠራው። ኢንዛይሙ የበዛለት ሰው ላይ ሞርፊኑ በአንዴ ይበዛና መተንፈስ እስኪያቅት ሊያደርስ ይችላል። ለሕፃናትና ለሚያጠቡ እናቶች ኮዴይን እንዳይሰጥ የሚመከረው በዚህ የተነሳ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ማስጠንቀቂያ ከሌላው ዓለም በላይ ትርጉም አለው፣ ከሦስት ወይም ከአራት ሰው አንዱን ሊመለከት ይችላልና።

ግን ጂን ብቻውን ሁሉን አይወስንም። እነ እሌኒ ቆይተው ስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አገር ቤት ካሉት ጋር አነጻጸሩ። ጂናቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ አገር ቤት ያሉት ላይ ኢንዛይሙ ቀዝቀዝ ብሎ ተገኘ። የአካባቢው ተጽዕኖ ነው፣ ምናልባትም የአመጋገብ። ስለዚህ አንድን መድኃኒት አውሮፓ ውስጥ ሞክሮ «ለሁሉም ይሆናል» ማለት አይበቃም። እዚሁ ሰው ላይ፣ በዚሁ ምግብ፣ በዚሁ አየር መጠናት አለበት። በዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው።

ቀይ ደም ውስጥ ያለው ጠባቂ

ፕሪማኪን በጉበት ሲነቃ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድን የመሰሉ ቆርጣሚ ነገሮች ይፈጠራሉ። ተውሳኩን የሚጎዱት እነሱ ናቸው ተብሎ ይታሰባል። ግን እነዚያው ነገሮች የእኛን ቀይ የደም ሴልም ያገኙታል። ሴሉን የሚጠብቀው ግሉኮስ-6-ፎስፌት ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ባለሙያዎች በአጭሩ ጂ6ፒዲ ይሉታል፣ እኛም እንደዚያው እንበለው።

ቀይ የደም ሴል ከሌሎቹ ሴሎች የተለየ ነው። ኒውክለስ የለውም። አዲስ ፕሮቲን መሥራት አይችልም። ከአጥንት መቅኒ ሲወጣ ለ120 ቀን ጉዞ ስንቁን ሁሉ ይዞ እንደወጣ መንገደኛ ነው፤ ያለቀበት ነገር አይተካለትም። ከስንቁ ዋናው ጂ6ፒዲ ነው። ይህ ኢንዛይም ስኳርን ይዞ ኤንኤዲፒኤች የሚባል ነገር ያመነጫል። ያ ደግሞ ግሉታታይዮንን ያድሰዋል። ግሉታታይዮን ቆርጣሚዎቹን ያመክናል። ሌሎች ሴሎች ለዚህ ሥራ ሌላ መንገድ አላቸው። ቀይ ደም ያለው አንድ መንገድ ይኼ ብቻ ነው።

ጂ6ፒዲ 515 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሰንሰለት ነው። አፍሪካ ውስጥ ብዙ የሚገኘው ጉድለት ከእነዚያ ውስጥ ሁለቱ ብቻ በመለወጣቸው የመጣ ነው፤ 68ኛዋና 126ኛዋ። ኢንዛይሙ ይሠራል፣ ግን ቅርጹ ላልቷል፣ ቶሎ ያረጃል። ጤነኛው ኢንዛይም በግማሽ የሚቀንሰው በ62 ቀን ገደማ ነው። የተለወጠው በ13 ቀን። እንግዲህ ለ120 ቀን የወጣ ሴል ገና ሩብ መንገዱን ሳይሄድ ጠባቂው ከግማሽ በታች ወረደበት ማለት ነው። በሰላም ጊዜ ምንም አይታይም። ሰውዬው ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይጫወታል። ፕሪማኪን ሲገባ ግን ያረጁት ሴሎች በአንዴ ይፈርሳሉ።

ይህ እንዴት ታወቀ? ታሪኩ የሚያኮራም የሚያሳዝንም ነው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ኢሊኖይ፣ ስቴትቪል በሚባል ማረሚያ ቤት የወባ መድኃኒቶች በታራሚዎች ላይ ይሞከሩ ነበር። ፕሪማኪን ከወሰዱት ጥቁር አሜሪካውያን ከአሥሩ አንዱ ገደማ ላይ ደሙ ፈረሰ። ሰዎቹ ፈቅደው ነው ተብሏል። የታሰረ ሰው ፈቃድ ግን ምን ያህል ፈቃድ ነው? ዛሬ የምንጠቀምበት እውቀት ከእነዚያ ሰዎች ደም የመጣ ነው፣ ይህ መነገር አለበት።

ተመራማሪዎቹ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ ጥፋቱ ሴሉ ውስጥ ነው ወይስ የሰውዬው ቀሪ አካል ውስጥ? በ1954 ደርን፣ አልቪንግና ባልደረቦቻቸው መልሱን አሳተሙ። ፕሪማኪን የሚጎዳውን ሰው ቀይ ሴሎች ወሰዱ፣ በራዲዮአክቲቭ ክሮሚየም ምልክት አደረጉባቸው፣ ለማይጎዳው ሰው ሰጡት። ከዚያ ያ ሰው ፕሪማኪን ዋጠ። ምልክት ያለባቸው ሴሎች ብቻ ፈረሱ። ተገላቢጦሹንም ሞከሩት። ጤነኛው ሴል የሚጎዳው ሰው ገላ ውስጥ ገብቶም አልፈረሰም። ጥፋቱ ሴሉ ውስጥ ነው ማለት ነው። ሌላም ነገር አዩ። መድኃኒቱን ቢቀጥሉበት እንኳ ከቀናት በኋላ ደሙ መፍረሱን ያቆማል፤ ያረጁት ሴሎች አልቀው ኢንዛይማቸው ያላለቀ ወጣቶች ስለሚተኩ። በ1956 ፖል ካርሰንና ባልደረቦቹ የጎደለውን ኢንዛይም ስም አወጡ፦ ጂ6ፒዲ።

ዛሬ በዓለም ላይ ይህ ጉድለት ያለበት ሰው ወደ 400 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። የተስፋፋውም ወባ ባለባቸው አገሮች ነው፤ ከከባድ ወባ በተወሰነ ደረጃ ስለሚከላከል። እኛ አገር በአብዛኛው ቦታ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፣ ጋምቤላ ውስጥ ግን ከፍ ይላል። ከጎጃም ለሥራ ወደ ሌላ ቆላ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው፣ ከሌላ ቦታ የሚመጣውም እንዲሁ። ስለዚህ «ጎጃሜን አይመለከተንም» ብሎ መተው አይቻልም።

ሴቶች፣ እሸትና ምርመራ

የጂ6ፒዲ ጂን ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው ወይ ጉድለቱ አለበት ወይ የለበትም። ሴት ሁለት አላት። በ1961 ሜሪ ላየን ያቀረበችው ሐሳብ እያንዳንዱ የሴት ሴል ከሁለቱ ኤክስ አንዱን ብቻ ይጠቀማል የሚል ነበር። ያንን በሰው ላይ ለማሳየት የረዳው ይኼው የእኛ ኢንዛይም ነው። አንዱ ኤክሷ ጉድለት ያለበት ሴት ደም ሲታይ ሁለት ዓይነት ቀይ ሴሎች ተደባልቀው ተገኙ፤ የሚፈርሱና የማይፈርሱ።

ለሕክምናው ይህ ከባድ ነገር ነው። «አለ ወይም የለም» ብቻ የሚለው ምርመራ ኢንዛይሟ መካከለኛ የሆነችዋን ሴት «ደህና ነሽ» ሊላት ይችላል። የኢንዛይሙን መጠን በቁጥር የሚነግረው ምርመራ የተሻለ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። በቆየው አንዱ ዘዴ የደም ጠብታ ከመመርመሪያው ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ወረቀት ላይ ይንጠባጠብና በአልትራቫዮሌት መብራት ይታያል። ኢንዛይሙ ከሠራ የተፈጠረው ኤንኤዲፒኤች ያበራል። ካልሠራ ነጥቡ እንደጨለመ ይቀራል። አሁን ግን በእጅ የሚያዝ መሣሪያም መጥቷል፤ ከጣት ጠብታ ቁጥሩን በደቂቃዎች ያወጣል።

አንድ ወጥመድ አለ። ደሙ እየፈረሰ ባለበት ሰዓት ከተመረመረ ውጤቱ ያታልላል። ያረጁት አልቀው ወጣቶቹ ብቻ ስለቀሩ ኢንዛይሙ ጤነኛ መስሎ ይታያል። እንደዚያ ሲሆን ቆይቶ መድገም ነው።

ስለ ባቄላ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። አዎ፣ ባቄላ ውስጥ ቪሲንና ኮንቪሲን የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ ጂ6ፒዲ የጎደለበትን ሰው ደም ሊያፈርሱ ይችላሉ፣ በተለይ እሸቱ በጥሬው ሲበላ። አፍሪካ ውስጥ ብዙ የሚገኘው የጉድለት ዓይነት በባቄላ የመጎዳቱ ነገር ከሜዲትራኒያኑ ያነሰ ነው። ስለዚህ የባቄላ እሸታችሁን ብሉ። እሸት በልቶ ሽንቱ የጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ልጅ ካለ ግን ቶሎ ይታይ። የወባው ወራትና የእሸቱ ወራት ስለሚገጣጠሙ ምክንያቱ ሁሉ «ወባ ነው» ተብሎ እንዳያልፍ።

ኪኒኑ ላይም ምልክቱ ይኼው ነው። ፕሪማኪን በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽንት ከጠቆረ ወይም ከቀላ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ወገብ ካመመ፣ ልብ እየመታ ትንፋሽ ካጠረ፣ ኪኒኑን አቁሞ ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ ነው። የፈረሰው ደም ኩላሊትንም ሊጎዳ ስለሚችል «ነገ እሄዳለሁ» አይባልም። ከዚህ ውጪ ያለ የሆድ ቁርጠት ብዙውን ጊዜ ኪኒኑን ምግብ በልቶ በመውሰድ ይቀላል። ኪኒኑን የሚያስጥል አይደለም።

ጉድለት ያለበት ሰውም ከነቫይቫክሱ አይተውም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ለእሱ ፕሪማኪንን በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ 0.75 ሚሊ ግራም፣ ለስምንት ሳምንት፣ በሐኪም የቅርብ ክትትል ነው። በሁለቱ መጠን መሐል ደሙ የማገገሚያ ጊዜ ያገኛል። ለፋልሲፓረም የሚሰጠው የአንድ ጊዜ አነስተኛ ፕሪማኪን ግን ሌላ ነው፣ ያለ ጂ6ፒዲ ምርመራም ይሰጣል። ሁለቱን አታምታቱ።

ታፈኖኪን በ2018 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። የ14 ቀኑን ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። ላጨዳ ለሚሄድ ሰው ሲያስቡት ትልቅ ነገር ነው። ግን ገላ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። ፕሪማኪን ቢጎዳ ነገ ይቆማል፤ ታፈኖኪን አንዴ ከተዋጠ ማቆም የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የጂ6ፒዲው መጠን በቁጥር ተለክቶ ከጤነኛው 70 በመቶ በላይ መሆኑ ሳይታወቅ አይሰጥም። መድኃኒቱ ብቻውን ቢመጣና መለኪያው ባይመጣ ምንም አልተሠራም፤ ጤና ጣቢያ ድረስ መድረስ ያለባቸው ሁለቱም አብረው ነው።

ነፍሰ ጡር ሴት ፕሪማኪንንም ታፈኖኪንንም አትወስድም። የእሷ ኢንዛይም ቢለካ እንኳ የፅንሱ አይታወቅም። በወባው ጊዜ ለደሟ የሚሆነውን መድኃኒት ብቻ ትወስዳለች፣ የተኛው ተውሳክ እስከ ወሊድ ድረስ እንዳለ ይቆያል። ከወለደች በኋላም ጡት የሚጠባው ልጅ ስድስት ወር እስኪሞላው ይጠበቃል፤ የእሷም የሕፃኑም ኢንዛይም ተመርምሮ ጤነኛ ከሆነ ግን ቀደም ብሎ ሊጀመር ይችላል። በዚህ መሐል ብዙ ጊዜ ይረሳል። የሕክምና ካርዷ ይጠፋል፣ ባለሙያው ይቀየራል፣ እሷም ልጅ ይዛለች። ሕፃኑን ለክትባት ስታመጣ «እርጉዝ እያለሁ ቫይቫክስ ይዞኝ ነበር፣ ፕሪማኪኑ ቀርቶብኛል» ብላ ራሷ ብታነሳው ባለሙያው ምርመራውን አዝዞ ከቀረው ላይ ይጀምርላታል።